ሰዓቱ የዞረለት ወንበር

የሰደበኝን ሰው አልረሳም፤ ቀኑንም አልረሳም። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ መኝታ ቤት በተቃጠለ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ጣሪያው ገና ሲያንጠባጥብ ነበር። ልጆቹን ከእሳቱ ያወጣነው ፖሊሶች እንቅልፍ አጥተን ስለነበር «ምክር ያስፈልጋችኋል» ተብለን ተራ በተራ ተላክን። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሳጅን ነኝ። ከእናቴ በቀር መክሮኝ የሚያውቅ የለም፤ እሷም የምትመክረኝ በአርጩሜ ነበር። ቢሆንም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ ሄድኩ።

የምክር ማዕከሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ፊት ለፊቴ ጋሽ ዶክተር የሚሉት ሽማግሌ፣ ከኋላው ሦስት ተለማማጆች። ሌሎች አንቱ ይሉታል። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ አላልኩትም።

«ምን ይሰማሃል?» አለኝ።

እጆቼን አየሁ። ስንቴ ታጥቤያቸው አሁንም ጭስ ጭስ ይሉኝ ነበር። መልስ አልመጣልኝም። ትንሽ ጠበቀኝና ወደ ተለማማጆቹ ዞረ፤ እኔ እዚያ የሌለሁ ያህል።

«አያችሁ፣ ይሄ ሰው ግድግዳ ነው። ብታንኳኩት ከጀርባው ክፍል የለም። እንዲህ ያለው ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ።»

አንደኛው ተለማማጅ ድምፁን አውጥቶ ሳቀ። ሁለተኛዋ የተባለውን ጻፈች። ሦስተኛዋ፣ ከሁሉም ታናሽ የምትመስለው፣ አንገቷን ደፋች። ሰው ሲዋረድ የሚያፍር አንድ ሰው እንኳ አለ ብዬ ያቺን አንገት ይዤ ወጣሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ የሳቀውንም፣ የጻፈችውንም፣ ያቀረቀረችውንም አልረሳሁም።

ስለዚህ ከዓመታት በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አለቃዬ ደውሎ «ጋሼ፣ የምክር ማዕከሉ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ሞቶ ተገኝቷል፤ ቶሎ ድረስ» ሲለኝ መጀመሪያ የተሰማኝን ለማንም አልተናገርኩም።

ክፍሉ ያው ክፍል ነበር። መስኮቱ ተዘግቶ አድሯል። ጸሐፊዋ ሬሳውን ባየች ጊዜ ደንግጣ ነው መሰለኝ የአበባ ሽቶ ረጭታበታለች፤ የሞተ ሰው ሽታና የጽጌረዳ ሽታ ተጋብተው ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጡ።

ሽማግሌው ዝቅ ባለው ወንበር ውስጥ ሰምጦ አፉን ከፍቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ጥርሶቹ መካከል ሁለት ሦስት አረንጓዴ ክሮች ተሰክተዋል። የለበሰው ግን ግራጫ ኮት ነው፤ ወንበሮቹም ቡናማ ቆዳ ናቸው።

«ታፍኖ ነው» አለ የሕክምና ባለሙያው። «ከመሸ አይደለም፤ ትናንት ወደ ማታ ገደማ። የአስም በሽተኛ ስለሆነ ብዙ አልታገለም።»

ቀኝ እጁ ውስጥ ሶፍት ጨብጧል። ፈልቅቄ አየሁት፤ ደረቅ ነው፤ ማንም አላለቀሰበትም። የሶፍቱ ካርቶን እሱ አጠገብ፣ ክንዱ ሳይዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ የላይኛው ቅጠል እስከ ግማሹ ወደ ላይ ተስቧል። ከካርቶኑ ጎን ሲኒ ከነማንኪያው። ሲኒው ውስጥ ሻይ የለም፤ ስኳር የለም፤ ከታጠበ በኋላ ጠብታ አልነካውም። ከጭንቅላቱ ጀርባ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት አለ። ፊቱ የዞረው ወደ ሟቹ አይደለም፤ ፊት ለፊት ወዳለው ባዶ ወንበር ነው።

አለቃዬ ዲግሪ ያለው ልጅ ነው። ደግ ነው፤ ግን ነገር ሲረዝም አይወድም።

«ጋሼ፣ ገዳዩ ተይዟል። አንተ ወረቀቱን ብቻ አሟላልኝ።»

«ማነው?»

«በያጁ። የዚያች የሞተችው ልጅ ወንድም። ባለፈው ሳምንት በር ላይ መጥቶ ‹የዚህን ሰውዬ አፍ እዘጋዋለሁ› ብሎ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ትናንት ማታ ሲወጣም ሲወርድም ዘበኛው አይቶታል። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

የልጅቷን ነገር ከተማው ሁሉ ያውቃል። አባቷ አልጋ ላይ የቀረ ሰው ነበር። ውሃ ሲፈልግ፣ መገላበጥ ሲፈልግ ሲኒ በማንኪያ እየመታ ይጠራታል፤ ቀን ይመታል፣ ሌሊት ይመታል። አንድ ቀን በሩን ዘግታ ደጅ ቁጭ አለች። ማንኪያው ዝም እስኪል ተቀመጠች። ከዚያ ነገር ጋር መኖር ሲያቅታት እዚህ ማዕከል መጥታ ተናገረች። ምስጢር ነው ተብላ ነው የተናገረችው። ሽማግሌው ግን አንድ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ሲያደርግ «አንዲት ልጅ ነበረች» ብሎ ጀመረና፣ ስም ሳይጠራ፣ ድምፅዋን አስመስሎ፣ ሲኒ በማንኪያ እየመታ ተጫወተው። ሰው ሳቀ። ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። ጎረቤት ያንን ማንኪያ እንዴት አያውቀውም? ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ስታልፍ በየመስኮቱ ሲኒ ይመታላት ጀመር። ልጅቷ አልቻለችውም፤ ራሷን አጠፋች።

በያጁን የታሰረበት ድረስ ሄጄ አየሁት። ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ በብየዳ ብርሃን የቀላ ወጣት ነው። ግድግዳ ግድግዳ ያያል።

«ወጥተህ ነበር?»

«ወጥቻለሁ።»

«ልትገድለው?»

«አፉን ልዘጋው። በቡጢም ቢሆን» አለ። «ግን አልገባሁም፣ ጋሼ። በሩ ላይ ቀረሁ።»

«ለምን?»

«ብናገር እብድ ትለኛለህ። አለቃህም ብሎኛል።»

«እኔን ግድግዳ ብለውኛል። ንገረኝ።»

«እህቴን ሰማኋት። ከበሩ ጀርባ። መጀመሪያ ሲኒው ተመታ፤ ከዚያ እሷ ታለቅሳለች። ‹ጥፋቱ የኔ ነው፣ አይደል? የኔ ነው፣ አይደል?› ትላለች። ነገር ሁሉ ላይ አይደል ማለት ልማዷ ነበር። ከቀበርናት ገና ወር አልሞላትም። ወርጄ ሮጥኩ።»

አለቃዬ ይህንን ቃል «የአእምሮ መታወክ፤ የጥፋተኝነት ስሜት» ብሎ ከሥሩ አስምሮበታል። እኔ ግን ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ደረቅ ሲኒ ነው። ይህ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ካልገባ ስለ ሲኒው እንዴት አወቀ? ከገባስ፣ ሬሳ ፊት ለፊት ማን ሲኒ ይመታል? እውነቱን ነው፤ ሰምቷል። ደንዝዞ የተቀመጠው ሰው ነፃ ነው፤ አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ነው። ያለኝ ደግሞ እስከ ነገ ነው።

ሽማግሌው በሞተበት ቀን ከሰዓት በኋላ አብረውት የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሳያቸው አወቅኋቸው። የሳቀው፣ የጻፈችውና ያቀረቀረችው።

የሳቀው የሽማግሌውን ልጅ አግብቶ የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። ደንበኛ ካየ ዓመታት አልፈውታል። ስልኩን ከእጁ አይለይም። አላስታወሰኝም።

«ረቡዕ ረቡዕ ሱፐርቪዥን አለን» አለኝ። «ማለት፣ አማካሪም ሰው ነው አይደለም እንዴ? የሰው ጉድ ሲሰማ ውሎ የት ይድፋው? እዚያ ክፍል ይሰበሰቡና የከበዳቸውን ጉዳይ ለአባባ ያቀርባሉ። እሳቸው ያርሟቸዋል፣ ያበረቷቸዋል። የደንበኛ ስም አይነሳም።»

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ትል የሚገባው ጥሩ ፍሬ ውስጥ ነው።

«እንዴት ነው የሚያርሟቸው?»

«በጨዋታ!» ዓይኑ በራ። «አንዱ ደንበኛውን ይሆናል፣ አንዱ አማካሪውን። አረንጓዴ ሻርፕ አለችን፤ እሷን ትከሻው ላይ ያደረገ ደንበኛው ነው። ሲያልቅ ያወልቃታል፣ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከታትና ‹አሁን እኔ እኔ ነኝ› ይላል። አለበለዚያ የሰው ሕመም ተጣብቆብህ ቤትህ ትገባለሃ። አይ፣ አባባ ሲጫወቱ ብታያቸው! ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው።»

«በደንበኞቹ?»

«በ... በሁኔታው» አለ።

ሻርፗን አሳየኝ አልኩት። መሳቢያውን ሳበ። ሻርፗ በአራት ታጥፋ፣ ጠርዟ ከጠርዟ ገጥሞ፣ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። ዘርግቼ ወደ መብራቱ አስጠጋኋት። መካከሏ ላይ የደረቀ ምራቅ ነበር። ከረጢት ውስጥ ከተትኳት።

«የልጅቷ አማካሪ ማን ነበር?»

«እሱን ባልነግርህ ደስ ይለኛል። ምስጢር ነው።»

ሁለተኛዋ፣ የጻፈችው፣ ዛሬ ስመ ጥር ሆናለች። ባልና ሚስት የምታስታርቅ እሷ ናት፤ ሰው «እትዬ ትዳር» ይላታል፣ ራሷ ግን ሁለቴ ፈትታለች። የእጅ ሰዓቷን ፊቱን ወደ ውስጥ፣ በደም ሥሯ በኩል አድርጋ ታስራለች። ስናወራ መዳፏን ገለጥ እያደረገች ስታየው አየኋት።

«ስብሰባው አለቀ፣ ሦስታችንም በዋናው ደረጃ ወረድን፤ ዘበኛው ይመሰክራል» አለች።

«ሌላ መግቢያ የለም?»

«የደንበኞች መውጫ አለ፤ በጓሮ። የሚወጣውና የሚገባው ደንበኛ እንዳይተያዩ ተብሎ የተሠራ። ቁልፉ ሦስታችንም ጋ አለ፤ ከመጠየቅዎ በፊት ልንገርዎት።»

«ከሽማግሌው ጋር ተጣልተሽ ነበር ይባላል።»

«ወንበራቸውን ለአማቻቸው ሊያወርሱ ነበር፤ ሻርፕ አጥፎ የማያውቅ ሰው። ተናድጃለሁ። እኔ ወንበሩን ነው የፈለግሁት፣ ሳጅን፤ ሬሳውን አይደለም።»

«ልጅቷ የማን ደንበኛ ነበረች?»

«ሳጅን፣ በኛ ሙያ ምስጢር የሚባል ነገር አለ።»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው የሳቀበት ምስጢር?»

መዳፏን ገልጣ ሰዓቷን አየች። ጊዜዬ አልቋል ማለቷ ነው።

ሦስተኛዋን የሥራ ክፍሏ ውስጥ አገኘኋት። ዛሬም ታቀረቅራለች። ክንዷ ላይ ሰዓት የለም። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰዓት ስንት እንደሆነ ለማየት ግድግዳውን ሁሉ ፈለግሁ፤ የለም።

«ከጀርባዎ ነው» አለች በቀስታ። «ደንበኛ ሰዓት ካየ ይጨነቃል። እኔ እጄን ካየሁ ደግሞ የሰለቸኝ ይመስለዋል። ስለዚህ ከጀርባው አስቀምጬ ወደ እኔ አዞረዋለሁ። ጋሽ ዶክተር ናቸው ያስተማሩን።»

«ሁላችሁም እንዲህ ታደርጋላችሁ?»

«እትዬ ትዳር የራሷ ዘዴ አላት። ሥራ አስኪያጁ...» ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው። «እሱ ስልኩን ነው የሚያየው።»

«ለሽማግሌው አዝነሻል?»

«ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው እዚህ ስመላለስ። በየረቡዑ የከበደኝን እሳቸው ጋ አራግፌያለሁ።»

ይህ ለጥያቄዬ መልስ አልነበረም። ልጅቷ የማን እንደነበረች ስጠይቃት ግን ከሌሎቹ በተለየ ምስጢር ነው አላለችም። ጉልበቷን አየች።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ጩኸት ሰማሁ። የልጅቷና የበያጁ እናት መጥታለች። ነጠላ ጫማ፣ የተጣመመ ሻርፕ፣ በቦርሳዋ የልጇን ቅያሪ ሸሚዝ ይዛለች። ሦስቱም ከየክፍላቸው ወጡ።

«ሴት ልጄን በወሬ ገደላችሁ» ትላለች። «ወንዱን ደግሞ በወሬ ልትገድሉብኝ ነው። ምን አድርገናችሁ ነው?»

እንባዋ ፈሰሰ። እኔ ግን እሷን አልነበረም የማየው፤ አሁን ሳስበው ይቀፈኛል። ሦስቱን ነበር የማየው። ሥራ አስኪያጁ አንድ እፍኝ ሶፍት ነጭቆ አፍንጫዋ ድረስ ዘረጋላት። እትዬ ትዳር አንድ ቅጠል መዛ እጇ ላይ አስጨበጠቻት። ሦስተኛዋ፣ ዝምተኛዋ፣ ለሴትየዋ ምንም አልሰጠቻትም። ሴትየዋ በተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ካርቶኑን ከጎኗ አኖረችላት፤ የላይኛውን ቅጠል በሁለት ጣቷ እስከ ግማሹ ሳበችው፤ ከዚያ ፊቷን ዞር አደረገች።

ማታውኑ የሕክምና ባለሙያው ደወለ። ጥርሱ መካከል የተገኘው ክር የሻርፗ ነው፤ ሻርፗ ላይ ያለው ምራቅ የሽማግሌው ነው።

አለቃዬን ለመንኩት። ከፍርድ ቤቱ ሰዓት በፊት ሁሉንም እዚያ ክፍል ውስጥ ሰብስብልኝ አልኩት። «ቲያትር ነው የምትሠራው፣ ጋሼ?» አለኝ። ቲያትሩን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ እኔ መጋረጃውን ነው የምከፍተው አልኩት።

ዓርብ ጠዋት መስኮቱን ከፈትኩ። ሽቶው አሁንም አልለቀቀም። ሥራ አስኪያጁ፣ እትዬ ትዳርና ዝምተኛዋ በአንድ በኩል፤ እናትየውና ካቴና ያለበት ልጇ በሌላ በኩል፤ አለቃዬ በሩ ላይ። የሽማግሌውን ወንበር ባዶውን ተውኩት። ሲኒውንም ማንኪያውንም ቦታቸው መለስኩ።

«በመጀመሪያ» አልኩ፣ «አለቃዬ እንደሚለው ቢሆን፣ በያጁ መጣ፣ ሽማግሌው አስገባው፣ ተቀመጡ፣ አፈነው። እንዲያ ከሆነ አማካሪው ሽማግሌው ነው፤ እንግዳው በያጁ ነው። ሰዓቱ ታዲያ ለማን ነው የሚዞረው?»

«ለአማካሪው» አለች እትዬ ትዳር።

«እዚህ የዞረው ለባዶው ወንበር ነው። ሶፍቱ ደግሞ በሟቹ ክንድ ሥር። ስለዚህ ረቡዕ ማታ እዚህ ደንበኛ ሆኖ የተቀመጠው ሟቹ ነው፤ አማካሪ ሆኖ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ደግሞ ገዳዩ። ሽማግሌው ለማን ነው ደንበኛ የሚሆነው?»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አስቀመጠ። «ለኛ» አለ። «በጨዋታው።»

«ለእናንተ። ሻርፗን ትከሻው ላይ አድርጎ። ማንን ሆኖ ነበር የተጫወተው?» ማንኪያውን አነሳሁና ሲኒውን መታሁት።

እናትየው ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። በያጁ ከወንበሩ ተነሳ፤ ካቴናው ቆርጥሞት ተመልሶ ተቀመጠ።

«ይሄ ነው» አለ። «ይሄን ነው የሰማሁት። ከዚያ እሷ...»

«እሷ አይደለችም፣ ልጄ። ሽማግሌው ነው። የሞተች እህትህን ለብሶ ሲያለቅስ ነው የሰማኸው፤ እንባ በሌለው ሶፍት። እብድ አይደለህም።»

አለቃዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ ጨዋታም ይሁን። ልጁ ገብቶ አገኛቸውና አፈነዋ።»

«ሻርፗን ማን አጠፋት? በንዴት የገደለ ሰው ሻርፑን ይጥለዋል ወይ ይዞት ይሮጣል። ይቺ ከሟቹ አፍ ላይ ተነስታ፣ በአራት ታጥፋ፣ ከስንት መሳቢያ መካከል የራሷ መሳቢያ ውስጥ ገብታለች። ለመደበቅ አይደለም፤ ለመደበቅማ ቦርሳ ውስጥ ከቶ መውጣት ነበር። ጨዋታ ሲያልቅ ሻርፕ ይታጠፋል፤ ለዓመታት እንዲያ የተደረገ ነገር እጅ ሳያስበው ይሠራዋል። ያጠፋት ከሦስታችሁ አንዱ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ቆመ። «እኔ ላይ ነው...»

«አንተ ሻርፕ ማጠፍ አታውቅም፤ መስካሪ አለኝ። ሰዓትም አታዞርም።»

እትዬ ትዳር ሳትወድ ልትስቅ ነበር። መዳፏን ገለጠች።

«አንቺም አታዞሪም» አልኳት። «ሰዓትሽን ደም ሥርሽ ላይ ነው የምታስሪው። ሶፍትም በእጅ ነው የምትሰጪው።»

ከዚያ ያደረግሁትን እኔ ነኝ ያደረግሁት። ሽማግሌው አዳራሹ ውስጥ የተናገረበትን ቪዲዮ በአለቃዬ ስልክ ከፈትኩና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ያ የቀጠነ ድምፅ፣ ያ «አይደል?»፣ የሲኒው ኳኳታ፣ የሰው ሳቅ። እናትየው እየተንቀጠቀጠች ማልቀስ ጀመረች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከአንድ ሰው በቀር።

ዝምተኛዋ ተነስታ የሶፍቱን ካርቶን አነሳች። እናትየው ክንድ ሥር አኖረችው። የላይኛውን ቅጠል በሁለት ጣቷ እስከ ግማሹ ሳበችው። ፊቷን ዞር ስታደርግ ሁላችንም እያየናት ነበር። ወደ ካርቶኑ ተመልሳ አየች፤ ከዚያ ወደ ጣቶቿ።

ቪዲዮውን ዘጋሁት።

«የሚንቀጠቀጥ እጅ ካርቶን ውስጥ እንዳይዳክር ነው» አለች። «ለሷ ጀምሬ ነው የለመድኩት። ልጅቷ የኔ ነበረች።»

«ልጄን የምታማክሪያት አንቺ ነበርሽ?» አለች እናትየው።

«እኔ ነበርኩ፣ እማማ።» ተቀመጠች። «ጋሽ ዶክተር እሷን አይተዋት አያውቁም። ድምፅዋን፣ ‹አይደል› ማለቷን፣ የማንኪያውን ነገር ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በየረቡዑ ሻርፗን እለብስና እሷን እሆናለሁ። መጀመሪያ ለመረዳዳት ነበር። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ጥሩ ተጫዋች ነሽ አሉኝ። የአዳራሹ ቪዲዮ ላይ ያየችው የኔን ጨዋታ ነው።»

«ከዚያስ?» አለ አለቃዬ። አሁን ድምፁ የልጅ ሆኗል።

«መጨረሻ ጊዜ መጣችና ‹እትዬ፣ ማን ነገራቸው?› አለችኝ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ‹ምን ይሰማሻል?› አልኳት። ሄደች። ሁለተኛ አልመጣችም።»

ሥራ አስኪያጁ ወለል ወለል ያይ ነበር። ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

«ረቡዕ በጓሮ ተመለስኩ። ምን ልላት ይገባ ነበር አልኳቸው። ‹ተቀመጪ፣ እሷን ልሁንልሽ፤ ንገሪኝ› አሉ። ሰዓቱን አዞርኩ፣ ሶፍቱን አኖርኩ፤ እንደ ሥራ። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። እሳቸው ግን መጫወት ጀመሩ፤ ሲኒ እየመቱ፣ እንደ አዳራሹ። ይቅር በይኝ ስላት፣ በሷ ድምፅ፣ ‹እትዬ፣ አንቺ ነሽ የገደልሽኝ፣ አይደል?› አሉ። እየሳቁ። ሻርፗ አንገታቸው ላይ ነበረች። አፋቸው ላይ ጫንኳት። ሳቁ እስኪያልቅ ያዝኳት።»

«ከዚያ አጠፍሻት» አልኩ።

«አጠፍኳት። ‹አሁን እኔ እኔ ነኝ› አልኩ። ግን አልሠራም።»

አለቃዬ የበያጁን ካቴና በራሱ እጅ ፈታ። ይቅርታ ጠየቀው፤ ልጁ አልሰማውም። እናትየው ቅያሪውን ሸሚዝ ከቦርሳዋ አውጥታ እዚያው አለበሰችው፤ ቁልፎቹን እንደ ሕፃን አንድ በአንድ ቆለፈችለት። ካርቶኑን አልነካችውም። በራሷ ሻርፕ ጫፍ ዓይኗን አበሰችና እየደገፈችው ወጣች። እትዬ ትዳርና ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩ ላይ ከመድረሳቸው ማዕከሉን ማን እንደሚይዘው መነጋገር ጀምረዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ለሐዘኑ ክብር።

ዝምተኛዋን በጓሮው በር ይዣት ወጣሁ፤ ፊት ለፊት ሰው ተሰብስቦ ስልክ ደቅኗል። ደረጃው አናት ላይ አጃቢዋን ፖሊስ ስንጠብቅ ቀና አለች።

«ሳጅን፣ እኔ ረስቼዎት አልነበረም። ያ የእሳቱ ጊዜ።»

«ያቀረቀርሽው አንቺ ነሽ» አልኩ። ከዚህ በፊት ለማንም ብዬው አላውቅም። «ሌላው ሲስቅ አንቺ አፈርሽልኝ።»

እንደ ማዘን ብላ አየችኝ።

«አላፈርኩም። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነው ያቀረቀርኩት።» ድምፅዋ ክፋት የለበትም፤ ለስላሳ ነው፣ የሥራ ድምፅ። «በዚያው ሳምንት ሻርፗን ለብሼ እርስዎን ተጫወትኩ። እጆቼን እያየሁ ዝም አልኩ። እንደዚያን ቀን ስቀው አያውቁም። ጥሩ ተጫዋች ነሽ የተባልኩት የዚያን ጊዜ ነው መጀመሪያ።»

ከታች የፖሊሱ ጫማ ድምፅ ደረጃውን እየወጣ መጣ። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረገች፤ አማካሪዎች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

«ምን ይሰማዎታል?» አለችኝ።

ክንዷን ለአጃቢው አስረከብኩት። ደንበኛ ከደንበኛ እንዳይተያይ ተብሎ በተሠራው ደረጃ ቁልቁል ወረድኩ።